ያለ ማወላወል እምቢ ያለችው መምህርት

ያን ቀን አማኑኤል ከተማ መንገድ ዳር ቆመን ወደ ደብረ ማርቆስ መኪና ስንጠብቅ የነበርነው እኔ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ብርቱካን፣ ከወሎ ተመድባ የመጣች ዘይነብ የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርትና በማርቆስ በኩል ወደ ቤተሰቦቿ ወደ ቁይ የምትመለስ የሺ የምትባል ልጅ ነን። ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ብርቱካን ፈተና ስለነበረባት መጽሐፏን ዘርግታ «አዳማንትሊ» ምን ማለት እንደሆነ መምህርቷን ጠየቀቻት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፍኩ አዳመጥኩ። መምህርቷም ያለ ማወላወል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከእምቢታ ጋር ይሄዳል አለቻት። ልጄ «እናቴ ያለ ስኳር ሻይ አዳማንትሊ አትጠጣም» ብትል መምህርቷ ሳቀች።

«የሚገፋሽ ሰው ሳይኖር አይባልም» አለቻት። «ለምነውሽም፣ ተቆጥተውሽም ንቅንቅ ካላልሽ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነጭ መኪና አጠገባችን ቆመች። ጠና ያለች፣ ማተብ ያሰረች ሴት ከፊት ወንበር ብቅ ብላ «እህቴ፣ ወደ ማርቆስ ነኝ። ዝናቡ ሳይመታቸው ልጆቹን ላድርስልሽ፣ በማርያም» አለችኝ። ለእኛ ለትልልቆቹ ግን ቦታ የለም አለች። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

እኛ ዘንድ በማርያም ለተባለ እምቢ አይባልም። ባልወደውም የብርቱካንን ቦርሳ አነሳሁላት።

መምህርቷ ቦርሳውን ያዘችው። «አይሆንም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። ሴትዮዋ አባበለች፣ ለመነች። በመጨረሻ የመምህርቷን ሂጃብ አይታ በእኛና በማርያም መካከል ምን አገባሽ አለቻት።

«እኛም እናከብራታለን። ልጅቷ ግን ከእናቷ ጋር ነው የምትሄደው» አለች መምህርቷ።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። ሾፌሩ አንድም ጊዜ ዞሮ አላየንም፤ ሞተሩንም አላጠፋም።

የሺ ግን ወደ መኪናዋ ሄደች። መምህርቷ ክንዷን ብትይዛት «ተይኝ እትዬ፣ በማርያም ተብዬ እንዴት እቀራለሁ?» ብላ ገባች። ሴትዮዋ መናኸሪያው በር ላይ አወርዳታለሁ አለችን። መኪናዋ ስትሄድ ሰሌዳዋን ለማየት ሞከርን፤ ጭቃ ሸፍኖታል።

ማርቆስ ደርሰን መናኸሪያ ገባን። የቁይ አውቶቡስ ገና አልወጣም፤ የሺ ግን ውስጡ የለችም። ረዳቱም እንዲህ ያለች ልጅ አላየሁም አለን። ለፖሊስ ብንናገርም ከስሟ፣ ከአለባበሷና ወደ ቁይ ከመሄዷ በቀር የምናውቀው አልነበረም።

ብርቱካን ፈተናዋን አልፋለች። እኔ ዛሬም ሰው በማርያም ሲለኝ እደነግጣለሁ። ምናልባት ሴትዮዋ ቅን ሰው ነበረች፤ የሺም በሌላ መኪና ሄዳ ይሆናል። ያማሁት በከንቱ ቢሆን ደስታዬ ነው።

ቁይና አካባቢው ያላችሁ፣ የሺ ያን ቀን አረንጓዴ ሻሽ አስራ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ነበር። ቤቷ ገብታ ከሆነ እባካችሁ አሳውቁኝ።