በገብረኣብ ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ

ወይዘሮ ጽገወይኒ ፎቶ ማንሳት የተማሩት በስድሳ ዓመታቸው ነው። አስተማሪያቸው ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው የወንድማቸው ልጅ ሕድሪ ናት። ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ሠርግ እያነሳች የምትኖር ልጅ ናት፤ እሑድ እሑድ በማታቱ ሚኒባስ ካሳራኒ ቤታቸው ድረስ ትመጣና አክስቷን ስልካቸውን አስይዛ በረንዳ ላይ ታቆማቸዋለች።

«አንቲ፣ ፊቱን መሐል ላይ አትትከዪው። ወደሚያይበት በኩል ስፔስ ተዪለት። ሰው ፎቶ ውስጥም ይተነፍሳል እኮ!»

ይህች ሕግ ወይዘሮ ጽገወይኒን አስደነቀቻቸው። ባዶ ቦታም የሥዕሉ አካል ነው ብሎ ማን ያስባል?

በአለኸኝ ምግብ ቤት በተደረገ የክርስትና ግብዣ ላይ፣ ባላቸውን አቶ ገብረኣብን ግድግዳ ተደግፈው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኟቸው። ከጎናቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ትተው አነሷቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤት አለኸኝ ከኋላቸው ተንጠራርቶ ስልኩን አየና ሳቀ።

«እትዬ ጽጌ፣ ይሄን ቦታ ለማን ነው የያዙለት?»

«ለአንተ። ወሬህን ስትጨርስ ትቀመጥበታለህ።»

አቶ ገብረኣብ ካሜራ የሚሸሹ ሰው ነበሩ። በድንገት ሲሞቱ፣ ለብቻቸው የተነሡት ፎቶ ይኸው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለአርባቸው በፍሬም ሆኖ ከሻማው አጠገብ መቆም አለበት።

ፎቶው ጨለም ያለ ነበር። ወይዘሮ ጽገወይኒ እንደተማሩት ስልኩ ላይ ጥላውን የሚያፈካውን መስመር በጣታቸው ገፋ አደረጉት። የኮቱ ስፌት ብቅ አለ። የግድግዳው ስንጥቅ ብቅ አለ። ቀጥሎ ከባላቸው ግራ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች ብቅ አሉ።

ዐይናቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። የሰው ቀኝ እጅ ነው፤ የለመደው ትከሻ ላይ እንዳረፈ ሁሉ ዘና ብሏል። ክንዱ ወደ ኋላ ሄዶ ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። ከአቶ ገብረኣብ ኋላ ግን ግድግዳ እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ አልነበረም።

አስመራ ሳሉ እናታቸው ይሉት እንደነበረው፣ በሐዘን ፎቶ ውስጥ የሕያው ሰው አካል አይገባም፤ ከገባ የአካሉ ባለቤት ሟቹን ይከተላል። ስለዚህ ግብዣው ላይ ለነበሩት ሁሉ እየደወሉ ጠየቁ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አሉ፤ ሁሉም ቸኩለው። አለኸኝም ቀልዱን ረስቶ፣ «እኔማ ከእርስዎ ኋላ ነበርኩ፤ ያስታውሱ እንጂ!» አለ።

ሕድሪ መጥታ ስልኩን ተቀበለች።

«ሲምፕል ነው አንቲ፣ ክሮፕ እናድርገው።»

ጠርዙን ስትስበው ክንዱ ተቆርጦ ጣቶቹ ብቻ ቀሩ፤ ባሰ። ጨምራ ስትስበው የአቶ ገብረኣብ ጆሮ ሄደ።

«ሳዋ፣ እሺ በቃ፣ እናጠፋዋለን» አለችና በማጥፊያው ጣቶቹን ዳበሰቻቸው። እጁ ጠፋ። ቦታውን ንጹሕ ኮት ሞላው።

ሁለቱም ቀርበው አዩት። የአቶ ገብረኣብ አንገት ወደዚያ ትከሻ ዘንበል ማለቱ የታወቀው አሁን ነው። ጉንጫቸው አንድ ነገር ሊደገፍ ሄዶ ነበር፤ አሁን የሚደገፈው የለም። ወይዘሮ ጽገወይኒ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ባላቸው እንዲህ ብቻቸውን ሆነው አይተዋቸው አያውቁም።

«መልሺው» አሉ።

«አንቲ፣ ሰው ይፈራል!»

«ይፍራ። የማን እንደሆነ አላውቅም። ያለሱ ግን ብቻውን አላቆመውም።»

ሕድሪ የመመለሻውን ቀስት ነካች። እጁ ከጨለማው ተመልሶ ቦታው ላይ ዐረፈ።

በአርባው ቀን ለቀስተኛው እየገባ ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ። ቀና ሲል እያንዳንዱ የራሱን ቀኝ እጅ ያያል። አንዱ መዳፉን ገልብጦ አየ፤ አንዷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሳሎኑ ሞልቶ ሳለ ማንም የማንንም ትከሻ አልነካም።

አለኸኝ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ወይዘሮ ጽገወይኒ ሻይ ይዘውለት ሄዱ። ምግብ ቤት ከፍቶ ሲያስተናግድ የኖረ፣ ወግ አዋቂ ሰው ነው፤ ብርጭቆውን ግን በግራ እጁ ተቀበላቸው።