በሐኪም ቤቱ መንገድ የቀረው ወንበር

ራይሊ በከሚያርቪ ከተማ የበረዶ መጥረጊያ ትራክተር ነጂ ናት። የበረዶው ወራት ሲቃረብ ማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበሮችን ሰብስቦ መጋዘን ያስገባል፤ በረዶ ከዋጣቸው ትራክተር ይሰባብራቸዋላ። ነጂውም ከጉዳት አይተርፍም፤ ባልደረባዋ የተቀበረ ወንበር ገጭቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ጥርሱ ረግፏል።

አንድ ዓመት ግን ወንበር ልትጭን ስትመጣ ሽማግሌው ኦይቫ ላዩ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«አባባ፣ ይነሱልኝ እንጂ።»

«ከነወንበሩ ጫኚኝ! ሚስቴ ሐኪም ቤት ተኝታለች። መንገዴ ላይ እዚህ ካላረፍኩ ጉልበቴ አያደርሰኝም።»

ራይሊ ልትስቅ ብላ ተወችው። አለቃዋን ለምና፣ ኃላፊነቱን ራሷ ወስዳ ወንበሩን ባለበት አስቀረች። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምልክት እንጨት ተከለች። እዚያ ስትደርስ ከትራክተሩ ትወርድና ዙሪያውን በአካፋ ትጠርጋለች። ኦይቫም «ጎበዝ፣ ሳሎኔን አጸዳሽልኝ!» ይሏታል።

ጥር ላይ ሲነፍስ ያደረ የበረዶ ውሽንፍር ከተማዋን ቀበራት። ሲነጋጋ ራይሊ ስትወጣ መንገዱና ሜዳው አንድ ሆኖባታል፤ እንጨቶቿንም ነፋሱ ነቅሏቸዋል። ወንበሩ ገና ሩቅ ነው ብላ ስትገሰግስ፣ በመብራቷ ውስጥ ቀይ ነገር ተወዛወዘ። ፍሬኑን ረገጠች። ወንበሩ አጠገብ የተተከለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የሱፍ ካልሲ ታስሮበታል። የመጥረጊያው ብረት ወንበሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ኦይቫ ቅንድባቸው በረዶ ለብሶ ከአጥር ጥግ ብቅ አሉ።

«በዚህ ብርድ ምን ይሠራሉ?»

«እንጨቶችሽ እንደማይቆሙ ጠርጥሬ ነዋ። ወንበሩስ ይጠገናል፤ ያንቺን ጥርስ ማን ይመልሰዋል?»

ራይሊ ከትራክተሩ ወርዳ አቀፈቻቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ።»

«ማመስገን የሚገባኝስ እኔ ነኝ። ሚስቴን በየቀኑ የማየው ባንቺ ነው።»

መጋቢት ላይ ሚስታቸው ሄልቪ ድነው ከሐኪም ቤት ወጡ። ሁለቱም ወደ ቤት ሲሄዱ ወንበሩ ላይ አረፍ አሉና፣ ራይሊ ስታልፍ ሄልቪ በእጃቸው አስቆሟት።

«ስምሽን ሲነግረኝ ነው የከረመው። እስቲ ነይ ቁጭ በይ፣ ልይሽ።»

ራይሊ ሞተሩን አጥፍታ መሃላቸው ገባች። ከኋላዋ የቆመ አውቶብስ ጡሩምባውን ቢነፋም አልተነሳችም። በሚቀጥለው መኸር ማዘጋጃ ቤቱ የዚያን መንገድ ወንበሮች በሙሉ ባሉበት እንዲቆዩ ፈቀደ።