ሰባት መቶ ሚሊ አምፔር

እንዳላማው በቁይ ከተማ ገበያ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እየጠገነ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል። መብራት አንዴ ሲጠፋ ለሳምንታት በሚጠፋበት አገር የእጅ ባትሪ ጠጋኝ ሥራ አይፈታም። ሰውም ያምነው ነበር። እሱ የቀየራት አምፖል ቶሎ አትቃጠልማ።

ምስጢሩ ሙከራው ነበር። ከደብረ ማርቆስ የሚያመጣቸው ኤልኢዲ የሚባሉት ትንንሽ አምፖሎች ምን ያህል ከረንት እንደሚችሉ ማሸጊያቸው ላይ አይጻፍም፤ ቢጻፍም አይታመንም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥቅል አንዷን አውጥቶ ሰፊ ብረት ላይ ያጣብቃትና ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኛታል። በሚሊ አምፔር የሚለካውን ከረንት ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። በየደረጃው ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል፤ በቴስተሩ፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ያነበበውንም ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ነጩ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ልታበቃ መሆኗን ያውቃል። ከዚያ ፕላስቲክ የተቃጠለ ይሸታል፤ ትጠፋለች። ለቀሪዎቹ ከዚያ በታች ይመድብላቸዋል።

ባለፈው ግንቦት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነችው ሲስተር ወንጌላዊት ወደ ሱቁ መጣች።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ግንባሬ ላይ የማስረው ባትሪ ይሥሩልኝ» አለችው። «ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው። ባትሪ የሚይዝልኝ አስታማሚ ደግሞ ደም ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ብርሃኑም አብሮት ይዞራል።»

በሦስት ቀን ሠራላት። ራሷን እንዳይከብዳት ብሎ አምፖሏ የምትቀመጥበትን ቤት ከብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ አደረገው፤ የላስቲክ ማሰሪያም አበጀለት። ሲስተር ሞከረችውና «ትንሽ ደመቅ ቢልልኝ» አለች። እንዳላማው ደብተሩን ገለጠ። የዚያ ጥቅል አምፖል የጠፋችው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሚሊ አምፔር ላይ ነው። ሰባት መቶ ብሰጣት አይሰማትም ሲል አሰበ፤ ሰጣትም። ሲስተር ወንጌላዊት ወደ ግድግዳው አብርታ ሳቀች።

«ቀን አደረጉልኝ እኮ!»

በሰኔና በሐምሌ አሥራ አንድ ልጆች በዚያ ብርሃን ተወለዱ። እንዳላማው ለማንም አላወራም፤ በልቡ ግን ራሱን ከሰው ቆጠረ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ተደፍኖ በረዶ ሲወርድ የኔአለም የምትባል ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጣች። ባሏ አበረ አብሯት ነበር። የማዋለጃው ክፍል መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ በቆርቆሮ ስለተደፈነ ውስጡ ጨለማ ነው። ሲስተር ባትሪዋን አሰረች። ልጅቱ በሰላም ወጣች፤ አለቀሰች። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ሲስተር የደሙን ምንጭ እየፈለገች ሳለ ብርሃኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ወዲያው ድርግም አለ። አበረ በስልኩ አበራላት፤ ደሙን ሲያይ ግን ፊቱን አዞረ። አምቡላንስ ቢጠራም ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልቻለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የኔአለም ሞተች።

በማግሥቱ ሲስተር ባትሪውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የሆነውን ነገረችው። «እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ብርሃን ኖሮም ብዙ ሴት በደም ይሞታል» አለችው።

«ስንት ሰዓት በርቶ ነበር?»

«ከአንድ ሰዓት በላይ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ያለማቋረጥ አብርቼው አላውቅም።»

ከሄደች በኋላ ፈታው። አምፖሏ መሐሏ ላይ ጠቁራለች፤ ፕላስቲኩም ከሥሯ ቀልጧል። እንዳላማው የሙከራ ደብተሩን ገለጠ። እሱ የሞከረው ሰፊ ብረት ላይ፣ አየር ላይ፣ ለሁለት ደቂቃ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ታፍና አንድ ሰዓት ስትበራ ምን እንደምትሆን አንድም ቀን አልሞከረም።

ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን ሞከረ። ልክ የሲስተርን የመሰለ ቤት ሠርቶ አንዷን አምፖል በሰባት መቶ አበራት፤ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ጠፋች። ሌላዋ አንድ ሰዓት ከአሥር ቆየች። በስድስት መቶ ሁለት ሰዓት። በሦስት መቶ ሃምሳ ያበራት ግን ጠዋት በርታ ማታም እንደበራች ነበር። ደከም ያለ ብርሃን ነው፤ ግን መርፌና ክር ያሳያል። እሱ ራሱ መርፌ በክር አስገብቶበት አየ።

ሚስቱ ሥራነሽ ምሳውን ይዛለት ስትመጣ መርፌውን እንደያዘ አገኘችው።

«ሲስተር ነግራህ የለም? ደሙ ነው የገደላት» አለችው።

«ደሙን እንዳታይ ያደረጋትስ?»

ምሳውም ሳይነካ ተመለሰ።

የየኔአለም አርባ ካለፈ በኋላ አበረን ፍለጋ ወደ መንደሩ ሄደ። አበረ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሕፃኗን በጡጦ ወተት ያጠባል። እንዳላማው ቁጭ በል ሲባል እንኳ አልተቀመጠም። የባትሪውን ነገር፣ የሁለት ደቂቃውን ሙከራ፣ የሦስት መቶ ሃምሳውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገረው።

አበረ ጡጦውን ሳይነቅል ሰማው። «ግማሽ ብታደርገው ኖሮ አይጠፋም ነበር?»

«አይጠፋም ነበር።»

«እሷስ ትተርፍ ነበር?»

«እሱን አላውቅም።»

አበረ ድምፁን ሳያሰማ ማልቀስ ጀመረ።

«ታዲያ የማታውቀውን ለምን ተሸክመህ መጣህ?» አለው። «እኔ እግዜር ወሰዳት ብዬ፣ እሱን ይዤ ነበር የምተኛው። አሁን ምን ይዤ ልተኛ?»

እንዳላማው መንገዱን በእግሩ ሲመለስ እውነት መናገር ሸክም ያቀልላል የሚሉትን አሰበ። የእሱ አልቀለለም። ጭራሽ ሌላ ሰው ላይ ጨመረበት።

በጥቅምት ሲስተር ወንጌላዊት ተመልሳ መጣች። «ሴቶቹ እኮ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ሌላ ይሥሩልኝ» ብላ ለመነችው። «እጄ እንቢ አለኝ» አላት። እውነትም እንቢ ብሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ እንጂ የእጅ ባትሪ አይቀበልም። ቢሆንም ከነሐሴ ጀምሮ በስልክ ብርሃን እንደምታዋልድ ሲሰማ ሠራው። በአሉሚኒየም ቤት፣ በሦስት መቶ። ሁለት ቀን ሙሉ አብርቶ ካየው በኋላ በሥራነሽ እጅ ላከላት። «ይፈዛል፤ ግን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» የሚል ነበር መልሷ።

ባትሪው ይብራ አይብራ ጠይቆ አያውቅም። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ድምፅ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ሲመጣ ግን የያዘውን ሬዲዮ ትቶ የሱቁን በር ከውስጥ ይዘጋል፤ አልፈው እስኪርቁም ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል።