የግመሉ አንገትና የፋጡማ መጥረጊያ

ንጋት፣ ሐረር፣ ኤረር በር

ተናድጄ ነው የተነሣሁት። መንገዱን አሳምሬ እንድጽፍላችሁ አትጠብቁ።

ከሐረር ወጣ ብሎ ሶፊ የሚባል መንደር ውስጥ ግመል የሚመስል ትልቅ የአሸዋ ድንጋይ አለ። በዚህ ክረምት ጭንቅላቱ ተገንጥሎ ወደቀ። የመንደሩ አስጎብኚ ማኅበር ጥፋቱን በፋጡማ ላይ ጣለው። ፋጡማ ከድንጋዩ ጥላ ሥር ለውዝ ትሸጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ቦታዋን ትጠርጋለች። "እየጠረገች አንገቱን ጨረሰችው" ብለው ሊያስነሷት ነው። ዛሬ ሽማግሌዎች ይፈርዳሉ።

ድሮ የምትሸጠው እኔ ደጅ ነበር። ባሌን የቀበርኩ ሰሞን ልጆቼን ያበላቻቸው እሷ ናት። ትናንት ደውላ አለቀሰች። ፋጡማ ደግሞ አልቃሻ አይደለችም።

አብሮኝ የሚሄደው የልጅ ልጄ ሚኪያስ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሑድ ለዚያው ማኅበር እንግዳ ያስጎበኛል።

የሚኒባሱ ሾፌር ፊቴን አይቶ ሳቀ። "ማዘር፣ ዛሬ ማንን ሊበሉ ነው?"

"መንገድ ላይ ሰው ልጫን ብለህ ካቆምከኝ፣ አንተን።"

አራት ቦታ ቆመ።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

አስፋልቱ አልቆ አቧራው ይጀምራል። ግራና ቀኝ የጫት ማሳ፣ ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ በሻርፕ የተሸፋፈኑ ሴቶች። ቁጢ የምትሸጥ ልጅ ዘንድ ወርደን ያንን የቡና ቅጠል በወተት ጠጣን። ትኩስ ነው፤ ጨዋማ ነው። ንዴቴን ግን አላበረደውም።

"ግመሉን ማን ጣለው?" አልኩት ሚኪያስን።

"ማንም፣ እማማ። የአሸዋ ድንጋይ ማለት የተጣበቀ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲገባበት ማጣበቂያው ይለቃል። ከላይ ያለው ጠንካራ ስለሆነ ይቆያል። ሥሩ ግን ከመሬት እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ጨዉ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈለፍለዋል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ፣ የረገፈውን ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። አንገት የሚያወጣውም፣ አንገቱን የሚቆርጠውም ያው ነው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"የሰው ዕድሜ አይበቃውም።"

"ይህንን ለሽማግሌዎቹ ትነግራቸዋለህ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ማኅበሩ እኮ ሥራ የሚሰጠኝ ነው፣ እማማ።"

ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ። ብናገር ሚኒባሱ ይቆም ነበር።

እኩለ ቀን፣ ግመሉ ዘንድ

ድንጋዮቹ ቀይ ናቸው። አንዱ እንጉዳይ፣ አንዱ የተቆለለ ቂጣ ይመስላል። የግመሉ ጭንቅላት አፈር ላይ ተደፍቷል። ፋጡማ ከግራር ሥር ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ መጥረጊያዋ ተጋድሟል፤ ሰው የተገደለበት ጩቤ ይመስል!

ሽማግሌዎቹ ከብበው ተቀምጠዋል፤ በኦሮምኛ ነው የሚነጋገሩት። ሐረር ተወልጄ አልሰማም እንዴ? የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ፣ "በየቀኑ አሸዋ ስታወጣ ያላየ አለ?" ይላል።

"ወላሂ፣ የረገፈውን ነው የጠረግኩት" አለች ፋጡማ። "ለውዜ ላይ ይበንብኛላ!"

ሚኪያስን አየሁት። ጫማውን ያያል።

ተነሣሁ። "የት ነው፣ አደ?" አሉኝ በቋንቋቸው አክብረው ዋናው ሽማግሌ፣ ሐጂ ዩሱፍ።

"ይከተሉኝ፣ ሐጂ።"

ማንም ወደማይቀመጥበት፣ እሾህ ወደከበበው እንጉዳይ ድንጋይ ሄድኩ። ቀሚሴ ተቀደደ። አንገቱን በመዳፌ አሸት ሳደርገው አሸዋው እንደ ዱቄት ወረደ። ሥሩ ላይ ነጭ ጨው ወጥቷል፤ ዙሪያውን አሸዋ ተከምሯል።

"ይህንን ማን ጠረገው?" አልኩ። "ፋጡማ በእሾህ ውስጥ እየዳኸች መጥታ ነው?"

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ሰብሳቢው "እማማ፣ እርስዎ ስለ ድንጋይ ምን ያውቃሉ?" አለኝ።

"እኔ ምንም አላውቅም። የሚያውቀው እዚያ ቆሟል፤ አፉን ለእናንተ አከራይቶ።"

ሁሉም ወደ ሚኪያስ ዞሩ። ዓይኑን ከጫማው ሳያነሣ፣ "አንገቱን የጨረሰችው እሷ አይደለችም" አለ። ቀና ብሎ ደገመው። ከዚያ ዝናቡን፣ ጨዉን፣ ነፋሱን፣ መንገድ ላይ እንደነገረኝ ነገራቸው። "እንጉዳዩም አንድ ቀን ይወድቃል" ሲል ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

ሐጂ ዩሱፍ መጥረጊያውን አንሥተው ለፋጡማ ሰጧት። "ቦታሽ ነው። ግን ከሚወድቅ ነገር ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።"

"ይቅርታስ?" አልኩ። ሰብሳቢው ስልክ ተደወለለትና ዞር ብሎ ሄደ። እስካሁንም ያናድደኛል።

ምሽት፣ ሐረር

ፋጡማ ለውዝ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። ሚኪያስ መንገዱን ሙሉ አልነካውም፤ እኔም ብላ አላልኩትም። "ተናገርኩ እኮ፣ እማማ" አለኝ ሐረር ስንገባ።

"ተጎትተህ።"

ቤት ደርሼ ደጃፌ ላይ ነጠላዬን ሳራግፍ ቀይ አሸዋ ረገፈ። ሚኪያስ ሳላዘው መጥረጊያ ይዞ መጣ።

"ጥረግ" አልኩት። "ቤቱን አፈረስከው ብሎ የሚከስህ የለም።"