በፎጣው ስር ያልተባለው

ጆሮዬ ከከዳኝ ወዲህ ስልክ የማወራው በስፒከር ነው። የከሚሴ ሰው የቤቴን ወሬ ከኔ እኩል የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሙ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ ቢያዝልኝ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ያልሰማሁት ምን ቀርቶ ነው?» ብዬ ስቄበት ወጣሁ። ጨዋታ አዋቂ ነኝ ብዬ ራሴን የሾምኩ ሽማግሌ ነኝ። ይኸው ጨዋታዬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

የምርጫው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰልፌ እጄን ከደረት ኪሴ አላነሳም ነበር። ሌላው ሰው የመራጭነት ካርዱን ይዳብሳል፣ እኔ ስልኬን። ውጭ አገር ያለው ልጄ፣ ሁልጊዜ ከጁምዓ ሶላት መልስ የሚደውልልኝ ልጄ፣ ድምፁን ካጠፋ ጁምዓ መጥቶ ጁምዓ ሄዷል። ስደውልለትም አያነሳም። ሰው ሁሉ አገር የሚመራ ሊመርጥ በቆመበት ሰልፍ፣ እኔ አንዲት ጥሪ ልጠብቅ ቆሜያለሁ ብል ታዛቢዎቹ ከሰልፉ ያወጡኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በወዳጃ ቀን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት ተሰብስበን ጫታችንን ይዘን ዱዓ እናደርጋለን። የዚያን ዕለት ልጄ ያለ ቀኑ ደወለ። ያለ ቀኑ መደወሉን እንኳ ልብ አላልኩም።

«ስፒከር አድርገው! ሰላም እንበለው እንጂ!» አለ ጎረቤቴ። እሱና እኔ ሰንበቴ ከተማ ከብት ገበያ ላይ አብረን ደላላ ሆነን ያረጀን ነን። ከኔ የሚሻለው በጆሮው ብቻ ነው።

«ስፒከር ካላደረግሁት እኔስ መቼ እሰማዋለሁ?» አልኩና ስልኩን መሀል ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ከውጭ የመጣ ጥሪ እኛ ዘንድ የአንድ ሰው አይደለም። ከአዛውንቱ ጀምሮ ሰላምታው በየተራ ይዞራል።

«አከም ጅርታ ኢልመ ኮ! ፈያዳ?» አለ አንዱ በኦሮምኛ፤ ልጄ፣ እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ማለቱ ነው።

«አብሽር! አላህ ይጠብቅህ!» አለ ሌላው።

«እንዲያው መቼ ነው የምታገባው? እኛ ሳንሞት በል እንጂ!» አለ ጎረቤቴ፣ የዘወትር ጥያቄውን።

ልጄ ሳቅ አለ። ከዚያ «አባ» አለኝ፣ «ከሰው ትንሽ ፈቀቅ ልትልልኝ ትችላለህ?»

እኔም «ከማን ነው የምደብቀው? እዚህ የተቀመጡት ሁሉ አባቶችህ ናቸው። ተናገር!» አልኩት። ሰው ቤቴ ተቀምጦ ስልክ ይዤ መውጣት ነውር መስሎኝ ነው። ብወጣስ? ስፒከሩ አጥር ዘሎ ይሰማል።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አንስቼ አራገፍኩት፣ ውሃ እንደገባበት ጫማ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ እንደ ዜና አንባቢ ቀስ ብሎ። ያለበት አገር ሕዝቡ በመጪው እሁድ ድምፅ ሊሰጥ እንደሆነ ነገረን። ጥያቄው ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር በሕግ ይጋባ ወይስ አይጋባ የሚል ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ የሰውን አስተያየት የሚጠይቁ አጥኚዎች «በሰፊው ያልፋል» ብለዋል አለ። «እኔ ግን እንጃ፣ አባ። ሰው ለጠያቂው ደስ የሚለውን ነው የሚመልሰው።» ቀጥሎም «አንተ ብትጠየቅ ምን ትል ነበር?» አለኝ።

ጫት ሲበጥስ የነበረው ሁሉ እጁን አቆመ። ሁሉም እኔን አየ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ዝም ማለት አላውቅም።

«እኔ በሬ ከበሬ ጠምጄ አርሻለሁ» አልኩት፤ «በሬ ከበሬ ድሬ ግን አላውቅም!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር። ጎረቤቴ ትከሻዬን እየደቃ «አይ አንተ ሰይጣን!» አለኝ። ሌላው «አስተግፊሩላህ» እያለ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ሳቁ ሲደምቅ ጊዜ ሞቀኝና ሌላም ጨመርኩበት። ያን እዚህ አልጽፈውም።

ልጄ «እሺ አባ» አለ። «እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።» ስልኩ ተዘጋ።

ለመግሪብ ውዱእ ሳደርግ፣ ውሃው ክርኔ ላይ እንዳለ፣ «ፈቀቅ ልትልልኝ ትችላለህ?» ያለው ጆሮዬ ላይ መጣ። ጆሮዬ ሲዘገይ እንዲህ ነው። ሰው ለዜና ፈቀቅ በልልኝ አይልም። ስለ ራሱ ሊነግረኝ ነበር የደወለው። እናቱ በሕይወት ብትኖር ያለ ቀኑ መደወሉን ሰምታ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ጓዳ ትገባ ነበር።

ሕመሙን ያባሰብኝ፣ አፍ ሌላ ልብ ሌላ የሚልበትን ነገር እንደኔ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰንበቴ ገበያ ላይ ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአፍ የሚጮኸው ነው፣ እሱ ለከበበው ሰው ነው። ከአፋር ቆላ ግመሉን ነድቶ የመጣው ሻጭ «ወላሂ በዚህ አልሸጥም!» ይላል። ከደጋ የወረደው ገዢም «ይህን ከምገዛ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» ይላል። እውነተኛው ዋጋ ያለው በፎጣ ስር ነው። ሻጩ እጁን ይሰጠኛል፣ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ በጣት እንነጋገራለን። አፍ «አይሆንም» እያለ ጣት «እሺ» ይላል። ከበው የቆሙት ዘመዶቹ ምን አለ እንዳይሉት ነው። ለሰውዬው ክብሩ ተጠበቀ፣ ግመሉም ተሸጠ። ዕድሜዬን የበላሁት በዚህ ነው።

ልጄም ይህን ያውቃል። የሰንበቴ ገበያ ትምህርት በሌለበት እሁድ ስለሚውል አብሮኝ ይመጣ ነበር። «አባ፣ ምን ተባባላችሁ?» እያለ ፎጣውን ሊገልጥ ሲሞክር እጁን መታ አደርገው ነበር።

እንግዲህ ይህ ልጅ ፎጣ ፈልጎ «ፈቀቅ በልልኝ» ቢለኝ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ገበያ አወጣሁት።

ከምርጫው በፊት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጎልማሳ ታብሌት ይዞ «አባባ፣ ምርጫው ዛሬ ቢሆን ማንን ይመርጣሉ?» ብሎኝ ነበር። ግራና ቀኜን አየሁ። በግራዬ የቆመው ደስ እንዲለው አንድ መለስኩ። የግራው ሰው ሲሄድ በቀኜ የቆመው ስላኮረፈ፣ ጎልማሳውን መልሼ ጠርቼ ሌላ መለስኩለት። እሱም አመስግኖኝ ሁለቱንም ሞላ። ለማን እንደማደላ እኔ ራሴ ያወቅሁት የድምፅ መስጫው ካርቶን ጀርባ ስገባ ነው። የዚህን አገር ሕዝብ ሐሳብ እለካለሁ ብሎ የሚዞር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከተጠያቂው ዙሪያ የቆመውን ሰው ይበትን።

ልጄ ያለባት አገር የድምፅ ውጤት የተሰማው በእኛ ምርጫ ቀን ጠዋት ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ የወሰደኝ ባጃጅ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ጆሮዬን ወደ ፊት ደፍቼ «ጨምረው እስቲ!» አልኩት። አጥኚዎቹ ያልፋል ያሉት ወደቀ። ሰዉ ለጠያቂዎቹ «አዎ» ሲል ከርሞ መጋረጃ ጀርባ ሲገባ «አይሆንም» ብሏል።

ልጄ ያን ጠዋት በየትኛው መንገድ እንደሄደ አላውቅም። ሲሄድ ግን ሰላም የሚለውን ሁሉ «ይህስ ከየትኞቹ ነው?» እያለ ሳያይ እንዳልቀረ አሰብኩ። እዚያ በአፍ ወደዱትና በጣት ገፉት። እዚህ አባቱ በአፉ ገፋው። በጣቴስ?

ይህን ነው ሰልፍ ላይ ቆሜ ስፈጨው የነበረው። ጎረቤቴ ከኋላዬ ሆኖ ይጎሽመኛል።

«ምን ሆነሃል አንተ ደንቆሮ? ዛሬ ቀልድህ የት ሄደ?»

«አልቆብኛል።»

«ያንን የበሬውን ንገራቸው እስቲ፣ እነዚህ አልሰሙም!» አለና ወደ ሰልፉ ዞረ። እኔ ሳልነግራቸው እሱ ነገራቸው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

በሩ ላይ ያለችው የምርጫ አስፈጻሚ «አባባ፣ ስልክዎን ያጥፉ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ጥሪ እየጠበቅሁ ነው።»

«ደንብ ነው አባባ፣ ወዲያው ነው የሚጨርሱት።»

አጠፋሁት። ወረቀቱን ይዤ ካርቶኑ ጀርባ ገባሁ። ማንም አያየኝም፣ ማንም አይስቅልኝም። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው ሳይኖርበት የቆምኩበት ቦታ ያ ብቻ ይመስለኛል። ምልክቴን አድርጌ ወረቀቱን አጠፍኩና መውጣት አቃተኝ። ጥያቄው እዚህ ቢመጣልኝ ምን አደርግ ነበር እያልኩ ቆምኩ። ሃይማኖቴን የምለውጥ ሰው አይደለሁም። ኪታቡ የሚለውን አውቃለሁ፣ ልጄም ከኔ በላይ ቁርኣን ቀርቶ ያውቀዋል። እሱ ግን ኪታቡን አልጠየቀኝም። «ከነገርኩህ በኋላ ልጅህ እሆናለሁ ወይ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። ለዚህኛው ጣቴ መልስ ነበረው። አሁንም አለው።

«አባባ፣ ጨረሱ?» አለች አስፈጻሚዋ።

ጎረቤቴ ከውጭ «ተኝቶ ይሆናል፣ ቀስቅሱት!» ሲል ሰማሁት። ለዚህ ጊዜ ጆሮዬ ይሠራል።

ጣቴን ቀለም ነክረውልኝ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የያመለጠ ጥሪ መልእክት ገባ። የልጄ ነው። ካርቶን ጀርባ ቆሜ ለሱ የምመልሰውን ሳስብ ደውሎ ነበር። እዚያው በሩ ላይ ልደውል አልኩና ዙሪያዬን አየሁ። ግቢው በሙሉ ሰው ነው፣ ጎረቤቴም ጣቱን እያደረቀ ወደኔ እየመጣ ነው። «ማነው የደወለው? እሱ ነው? ስፒከር አድርገውና ሰላም እንበለው!»

ሸሸሁት። በሕይወቴ ከሰው ስሸሽ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጉልበቴም ስለማያውቀው ሊጥለኝ ነበር። ባጃጅ ይዤ «ወደ ጨፋ ሜዳ፣ ሰው ወደሌለበት» አልኩት ባለ ባጃጁን። ሽማግሌው ሊሞት ነው ወይ ብሎ አየኝ። ቦርከና ወንዝ ዳር፣ የማሽላ ቡቃያው አጠገብ አወረደኝና መንገዱ ላይ ጠበቀኝ። ከጥቂት የሚግጡ በሬዎች በቀር ማንም የለም። ስፒከሩን ከፈትኩና ደወልኩ።

ጠራ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ጠራ። በመጨረሻ በማላውቀው ቋንቋ አንዲት ሴት ተናግራ ጢጥ አለ። መልእክት ተው ማለት እንደሆነ ልጄ ድሮ አስተምሮኛል።

«ኢልመ ኮ፣ አባትህ ነኝ» አልኩ። «አሁን ብቻዬን ነኝ። በሬዎች አሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚሰሙት...» ያን ጊዜም ቀልድ! ምላሴን ነከስኩት። ደግሞስ ከሁሉ ነገር በሬ! «ያን ቀን የመለስኩት ለተቀመጡት ሰዎች ነው። ለአንተ አልመለስኩም። ለአንተ ገና ነኝ። እጅህን አምጣ፣ ልጄ። ፎጣውን ይዣለሁ። እጅህን...»

ጢጥ አለና ተቆረጠ። እንደገና ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ፀሐይዋ እስክትበረታ እዚያው ቆምኩ። ፎጣዬ ክንዴ ላይ ነበር፣ መቼ ከትከሻዬ እንዳወረድኩት አላስታውስም። ባለ ባጃጁ ከመንገዱ ጥሩምባ ነፋልኝ። ስጮህ ሳይሰማኝ አልቀረም፣ ስገባ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

«አባባ፣ ልጅዎ ነው? ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነው» አልኩት። ደስ አለውና ሬዲዮውን ከፈተ። እኔ ስልኬን እስከ ከሚሴ ድረስ በእጄ ይዤው ሄድኩ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ።