ፈረሴ በቀበሌ ሸንጎ የተከሰሰ ጊዜ

በደርግ ዘመን ኑሮዬ ከአትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች በጋሪ ማመላለስ ነበር። ፈረሴ ዳማ ነው፤ ጠባዩ ደህና ነው፤ ብቻ አረንጓዴ ነገር ካየ ራሱን አይገዛም።

አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጊዮርጊስ አጠገብ ጋሪዬን አቁሜ ጭነት ሳራግፍ፣ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ቄጤማ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ጀርባቸውን ለፈረሴ ሰጥተው ከወዳጃቸው ጋር ወሬ ያዙ። ቄጤማው ከኋላቸው ተንዘርፍፏል። ፈረሴ አንገቱን ዘረጋና ቄጤማውን ከነመቀመጫቸው ጎረሰው።

በሳምንቱ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሱኝ። "ሌላ አልፈልግም፤ ፈረሱን ቀበሌው ይውረስልኝ" አሉ። ያን ጊዜ ስንቱ ቤት ተወርሷል፣ ፈረስ መውረስማ ምን ያስቸግራል። እሱ ከሄደ ደግሞ እኔ በምን እበላለሁ?

ሰብሳቢው ዳኛ ልብስ ሰፊ ነበር።

"ይቀመጡ ጓድ" አላቸው ከሳሼን።

"ብችል መች ጠላሁ" አሉ ቆመው።

"ጉዳቱ የት ላይ ነው?"

ከዳኞቹ አንዷ ሴት ነበረች፤ እሷን አየት አደረጉና "ወረቀቱ ላይ አለ" አሉ።

ሰብሳቢው የጤና ጣቢያውን ወረቀት አነበበና ብዙ ሳለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ፈረስህ ሰው ከጎዳ ኃላፊው አንተ ነህ፤ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ጓድ። ግን ፈረሴ የነከሰው ቄጤማ ነው። እሳቸው መሐል ገቡበት።"

"በኋላዬ ነው መሐል የገባሁት?" አሉ ከሳሼ።

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰብሳቢው፣ ፈረሱ ተናካሽ መሆን አለመሆኑን በዓይኔ አይቼ ነው የምፈርደው አለ። ቄጤማ አስመጣ፣ ግቢው ውስጥ ፈረሴ ወደ ታሰረበት ሄደ፣ በብብቱ ሸጎጠና ጀርባውን ሰጠው።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ ይቅርብዎ" አልኩ።

"ሸንጎ አታስተምር" አለኝ።

ፈረሴ አንገቱን ዘረጋ፤ ወዲያው ሰብሳቢው ከመሬት ተነሳ። አልጮኸም፤ ፊቱ ብቻ በርበሬ መሰለ።

"ይኸው፣ ተናካሽ ነው አላልኩም?" አሉ ከሳሼ ደስ ብሏቸው።

ሰብሳቢው እጁን ወደ ኋላ ሊሰድ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያየው ሲያውቅ መለሰው። "እኔን የነከሰኝ የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ቄጤማውን ነው።"

"ሱሪዎ ተቀዷል እኮ ጓድ" አለች ሴትዮዋ።

"የቆየ ነው።"

ልብስ ሰፊ በቀዳዳ ሱሪ እንደሚዞር ያን ቀን ሰማን። ፈረሴ እንዳይወረስ ተፈረደ፤ በበዓል ዋዜማ ግን አፉ ላይ ከረጢት ሳላስር እንዳላወጣው ታዘዝኩ።

ፈረሴን ይዤ ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ፈረሴ ሁለቱንም ቀን ጠዋት ሳይበላ ነው የወጣው፤ ዋዜማውን ከችኮላዬ፣ የሸንጎውን ቀን ከድንጋጤዬ። እሑድ በጠዋት ከሳሼ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው።

"ይህን ሸንጎ ፊት ለምን አልተናገርክም?"

"ይወስዱብኛል ብዬ ነው ጌታዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ታዲያ ዛሬስ በልቷል?"

"ጠግቧል።"

"የት አለ?"

"በርዎ ላይ አስሬዋለሁ።"

"እንግዲያው ይቅር ብዬሃለሁ" አሉና ነጠላቸውን አንስተው፣ በጓሮ በኩል አጥር ዘለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።