አባቴን አያመውም

አባቴ ገብረጻድቅ ያናድደኛል። የፅኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ እንኳ ያናድደኛል!

ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም። ማሽን ጣቱን የጨፈለቀው ጊዜ በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። እናቴ የነቃችበት በግራ እጁ ራት ሲበላ አይታ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አላት። ደህና! አጥንቱ እየታየ!

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ የአሸዋ መኪና ገጨው፤ ጎድኑ ተሰባበረ። ሆስፒታል በመድኃኒት አስተኝተው መተንፈሻ ማሽን ገጠሙለት። ከዚያ በራሱ መተንፈስ እንዲለምድ ማስተኛ መድኃኒቱን ቀነሱለትና ነቃ። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ አይናገርም፤ ራሱን ግን ይነቀንቃል።

ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት እኔ አጠገቡ ቆሜ «አባባ፣ ያምዎታል?» ይሉታል። አባቴ ራሱን ይወዘውዛል፤ አያመኝም ነው። አያመኝም ካለ ምን ያድርጉ? የሕመም ማስታገሻውንም ቀነሱት።

ነርሷ ሲስተር አሰጋሽ ግን ጠጋ ብላ፣ «ዮዲ፣ ስናገላብጣቸው ግንባራቸው ይቋጠራል፣ የልባቸው ምት ይጨምራል። እያመማቸው ነው። ሕመሙ ትንፋሻቸውን ይዞታል፤ እንዲህ ከቀጠሉ ከማሽኑ አይላቀቁም። እስቲ አንቺ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

«አባዬ፣ በሞቴ፣ ያምሃል?» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ራሱን ወዘወዘ። ብው አልኩ!

«ውሸታም!» ብዬ ጮህኩበት። ሲስተር አሰጋሽ ጎትታ አስወጣችኝ።

በር ላይ ጋሽ ሻፊ ቆመዋል። የሰፈራችን ባለሱቅ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም። «አንቺ እዚህ ቁሚ» ብለውኝ ገቡ። በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋቸው።

«አንተ ግትር ሽማግሌ፣» አሉት፣ «ልጅቷ ወጥታለች፤ እኔ ነኝ ያለሁት። ካመመህ እጄን ጭመቅ።»

አባቴ ጨመቀ። አልለቅም አለ። እንባው በጆሮው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ።

«ኧረ ዶክተር ጥሩልኝ!» አሉ ጋሽ ሻፊ። «ሰውየው በሕመም አልቋል!»

መድኃኒቱ ተጨመረለት፤ ግንባሩም ተፈታ። እኔ ስገባ ግን የጋሽ ሻፊን እጅ ቶሎ ለቀቀና የራሱን እጅ አንሶላ ውስጥ ከተተ። ለካ እኔን ብሎ ነው የሚሠቃየው! ማን ለመነው?

አሁን ጠዋት ጠዋት ዶክተሩ ሊጠይቁት ሲመጡ ጋሽ ሻፊ ይገባሉ፤ እኔ እወጣለሁ። ተናድጄ እወጣለሁ።